የደቦው አባት አልቀምስም ያለ ጊዜ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ፣ ማታ 1፡00

ዛሬም ሰባት ጥያቄ፣ ሰባት ጥያቄ፣ ሰባት ጥያቄ። አፌ ደረቀ። ለጥርስ ሕመም የመጣውን፦ ትጠጣለህ? በወባ የሚንቀጠቀጠውን፦ በሳምንት ስንት ቀን? እሾህ የወጋውን፦ ጫትስ? ሲጋራስ? መስከረም ላይ ሰዉ ፖሊስ የሆንኩ መስሎት ነበር። አሁን ለምዶኛል። ካርድ ክፍል ያሉት “የሰባቷ ሲስተር” ብለው ስም አውጥተውልኛል። ይበሉ!

ደብተርዬ፣ ይሄን ልየታ የሚሉትን፣ የመጣውን ሁሉ ስለ መጠጥና ሱስ መጠየቁን፣ ወድጄዋለሁ። ሰው ጉበቱ አብጦ፣ ትዳሩ ፈርሶ፣ ከሥራው ተባርሮ ሲመጣማ ማንም ያውቀዋል፤ ነርስ መሆን አያስፈልግም። ቁም ነገሩ ገና በእግሩ እየሄደ፣ እየሳቀ ሳለ ማግኘት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል። ዛሬ አንድ አስተማሪ አገኘሁ። የመልሶቹን ነጥብ ደምሬ ስነግረው ማንም ጠይቆኝ አያውቅም አለኝ። በደስታ ልጮህ ነበር። ሰው እያዘነ በደስታ መጮህ ነውር ስለሆነ ጥርሴን ነከስኩ።

ኃላፊያችን አቶ ምትኩ መዝገቤን አይተው ከዞኑ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ የተሟላ ነው አሉ። አንድም ባዶ ቦታ የለውም! ኅዳር ላይ ሚዛን ከተማ ሄጄ በዞኑ ስብሰባ በፕሮጀክተር ላቀርበው ነው። ምን እንደምለብስ ካሁኑ እያሰብኩ ነው። ሳቅብኝ እንግዲህ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ኧረ ጉድ! ጋሼ ታደለ መጣ። ታላቅ ወንድሜ። ከቡናው ሥር ሲመነጥር ገጀራው አምልጦ አውራ ጣቱን በልቶታል። ሰፋሁለት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወጋሁት። እጄ በልማዱ ወደ ቅጹ ሄደ፣ ቆመ። ወንድሜ ነው። ልለፈው? ለሁሉም ከተባለ ለሁሉም ነው። ጠየቅሁት።

እየሳቀ ጀመረ። አራተኛው ላይ ሳቁ ቆመ። አራተኛው፣ ጠዋት ተነስተህ የትናንቱ ጠፍቶብህ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። ስድስተኛው ላይ የታሸገ ጣቱን እያየ ገጀራው ያመለጠው ከረፋዱ አረቄ በኋላ መሆኑን ነገረኝ። ከረፋዱ! የረፋዱን ሚስቱ ብርቄ አታውቅም።

ነጥቡ ቢጫ ላይ ወደቀ። አረንጓዴ ማለት ደህና፣ ቀይ ማለት ሐኪም ይየው። ቢጫ መሃል ነው፤ ሱስ አልሆነም፣ መንገዱን ግን ይዞታል። ደብተርዬ! አባታችን በምን እንደሞተ ታውቃለህ። አባታችንን ማንም ሰባት ጥያቄ አልጠየቀውም። ይሄኛው ግን በእጄ ገብቷል፣ በጊዜ፣ ከነሳቁ።

የቡና ለቀማው እስኪያልቅ ጠብታ እንዳትቀምስ አልኩት። እሺ አለ። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለብርቄም ቢሆን፣ አለኝ። ማልኩለት። አንተ አትቆጠርም፤ አንተ ደብተር ነህ።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ሳምንት ሞላው! ጠብታ የለም!

ብርቄ ትንሹን ለማስከተብ መጥታ ጥግ ይዛኝ ገባች። ባሌ ሌላ ሴት ይዟል አለችኝ። ለምን? በጊዜ ይገባል። ገላውን ይታጠባል። የአጥሩን በር ሳይነገረው ጠገነ። የልጆቹን ደብተር ያያል። እንዲህ ያለ ወንድ አንድ ነገር ሳይደብቅ አይቀርም! ሳቄን ለመዋጥ መርፌ የምፈልግ መስዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ምስጢር ምን ያህል እንደሚያሳክክ አንተ አታውቅም።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ፣ ከሰዓት 10፡00

ወይኔ። ወይኔ ጉዴ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ የራሴ።

በሥርዓቱ ልጻፈው። ዛሬ ደቦው እትዬ አስካለ ጋ ነበር። እትዬ አስካለ ከጋሼ ማሳ ቀጥሎ ያሉ ባልቴት ናቸው፤ በቀበሌያችን እንደሳቸው አረቄ የሚያወጣ፣ ቦርዴ የሚጠምቅ የለም። ጥቅምት ሲገባ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰብስቦ ቀይ ቡና ይለቅማል፤ ዛሬ እነእገሌ ጋ፣ ነገ እነእገሌ ጋ፣ በየተራ። ባለማሳው ያበላል፣ ያጠጣል። ዘንድሮ የደቦው አባት ጋሼ ነው። መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚበቃ እሱ ይላል። ትልቁ ክብሩ ግን የመጀመሪያዋ ቅል ነች። ቀጂዋ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ቀጥሎ የደቦው አባት ይጎነጫል፤ ከዚያ ሁሉም። እሱ ካልቀመሰ ማንም አይነካም። ያልተቀመሰ ጋን ውስጥ ነገር አለበት ይባላል። ነገር ማለት መርዝ ነው።

እኔ ደግሞ ጠብታ እንዳትቀምስ ብዬ መክሬዋለሁ! እዚሁ አድጌ፣ ልጅ ሆኜ በዚሁ ደቦ ቡና ለቅሜ፣ አንዴም አልታወሰኝም። ቅጹ ላይ “የደቦ አባት ነህ ወይ” የሚል የለማ።

የሆነውን ብርቄ ናት የነገረችኝ። እትዬ አስካለ ቀመሱና ቅሏን ዘረጉለት። ጋሼ ይቅርብኝ አለ። አመመህ? የለም። ሐኪም ከለከለህ? ዝም። ምስጢሩን ጠብቆ ነዋ ዝም ያለው! አባባ ገብሬ፣ የደቦው ሽማግሌ፣ ቅላቸውን መሬት አስቀመጡ። ቀጥሎ ያለውም አስቀመጠ። ከዚያ ሁሉም። በቤንችኛ የተጀመረው ወሬ በአማርኛ ቀጠለ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። እትዬ አስካለ ጋኑን ከነቦርዴው ደጃፋቸው ላይ ደፉት። ሰዉም የጀመረውን የዛፍ መስመር ጨርሶ ተበተነ። ግማሹ ቡናቸው ዛፉ ላይ ነው።



ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ወሬው ከባጃጅ ይፈጥናል። ታደለ ጋኑ ውስጥ የሆነ ነገር አይቷል። የለም፣ ሃይማኖት ቀይሯል። የለም፣ የሚደብቀው መድኃኒት ጀምሯል። እትዬ አስካለ ቤት ትናንት አንድም ጠጪ አልገባም።

የጋሼ ተራ ቅዳሜ በ30 ነው። ቡናው ደም መስሏል፤ ከዚያ ካለፈ ዛፉ ላይ ይደርቃል፣ ይረግፋል። የሱ ጣት ገና አልዳነም። እሱና ብርቄ ብቻቸውን ሩቡንም አይጨርሱት። ደቦው ካልመጣ የዓመት ልፋቱ አፈር በላው።

ማታ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አንዲት ቅል ናት፣ ሄጄ ብቀምስላቸው ነገሩ ሁሉ ያልቃል አለኝ። ጮህኩበት። አባታችንም አንዲት ቅል ነው ያለው አልኩት። ፊቱ ሲገረጣ አየሁት፤ ወዲያው አዘንኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ። አፌ ሁልጊዜ ከኔ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ታደለ እትዬ አስካለ ቤት ሄዶ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከአዲሱ ጋን የመጀመሪያዋን ቅል ይጠጣል። ጠጥቶ ስማቸውን ያጸዳል። ደቦውም በ30 ይመጣለታል። አባባ ገብሬ በዚህ ቅጣት ራሳቸው ኮርተዋል፤ ገንዘብ የለው፣ በግ የለው፣ መጠጣት ብቻ። ከዚህ የቀለለ ካሳ ታይቶ አይታወቅም ይላሉ!

እኔ ከሴቶቹ መሃል ቆሜ ምላሴን ነክሼ ዝም። በሕይወቴ እንደዛሬ ዝም ብዬ አላውቅም። አሞኛል፣ እውነቴን ነው።

ጋሼ እጠጣለሁ አለ። አንድ ቀን ብቻ ብሎ። አስራ ስድስት ቀን ሙሉ ታግሎ! መንገድ ላይ ተከትዬ ለመንኩት፤ ለእትዬ አስካለ ብቻ ልንገር፣ ለሳቸው ብቻ። አይሆንም አለ። እስከ ድልድዩ አይሆንም፣ ከድልድዩ ወዲያም አይሆንም። በሩ ላይ ደርሶ መቀርቀሪያውን ሲነካካ ቆየ፤ ከዚያ፣ ንገሪያቸው፣ ለሳቸው ብቻ፣ አለ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡00

ደብተርዬ ተቀመጥ። ቆሜ ነው የምጽፈው እኔ ግን፣ መቀመጥ አቅቶኛል።

በጠዋት ሄድኩ። እትዬ አስካለ ግቢ አላሉኝም፤ ዘልቄ ገባሁ። ነገርኳቸው፤ ጋሼ ጋኑን እንዳልጠላ፣ በመጠጥ መንገድ ላይ መሆኑን ለክቼ የነገርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አልቀምስም ያለው በኔ ቃል እንደሆነ።  እሳቱን ቆሰቆሱ። የአረቄው ቱቦ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከዚያ ምን ምን ነበር የጠየቅሽው አሉ። ዘረዘርኩላቸው።

እኔን ጠይቂኝ አሉ።

ሳቅሁ! እርስዎማ ለወግ ያህል ነው የሚቀምሱት አልኳቸው። ጠይቂኝ አሉ፣ አልሳቁም።

ጠየቅኋቸው። በቀን ስንት ጊዜ ይቀምሳሉ? ቱቦው መንጠባጠብ ሲጀምር። ሲያበቃ። ጠርሙስ በተሞላ ቁጥር። ደንበኛ በገባ ቁጥር፣ ለያንዳንዱ፣ ሥርዓቱ ነዋ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ጎህ ሲቀድ። ጠዋት ጠዋት እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሲቀምሱ ይተዋቸዋል። እርጅና ነው ብለው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍም ያለሱ እንቢ ብሏል። አንድ ቀን ሰክረው አልታዩም። ማንም፣ ማንም አልጠረጠረም።

ነጥባቸው ቀይ ነው። የጋሼ እጥፍ። እስከዛሬ ከለካኋቸው ሁሉ ይበልጣል።

ሲያለቅሱ አብሬ አለቀስኩ። ከዚያ ግን፣ ይኸው አላፍርም፣ ደስ አለኝ። የሚንቀጠቀጠው እጅ ስም አገኘ! እርጅና አይደለም፣ ይታከማል! አጥብቄ ነገርኳቸው፤ ብቻዎን ባንዴ እንዳያቆሙ፣ እንደርስዎ ለቆየ ሰው አደገኛ ነው፣ ሐኪም በመድኃኒት ነው ቀስ እያደረገ የሚያስተውዎት። ሐሙስ አብረን ሚዛን እንሄዳለን ብለን ተስማማን።

10፡30

ጤና ጣቢያ ሄጄ መዝገቡን ከፈትኩ። እትዬ አስካለ መስከረም ላይ ለደም ግፊት መጥተው ነበር። ስማቸው አለ። በኔ እጅ ጽሕፈት፣ በሰባቱም፦ አይ፣ አይ፣ አይ፣ አይ፣ አይ፣ አይ፣ አይ።

አልጠየቅኋቸውም። ትዝ ይለኛል። በእናቴ ዕድሜ ያሉትን ሴት ትጠጫለሽ ወይ ማለት ስድብ ነው ብዬ፣ ራሴው ሞላሁት። ገጽ ገለጥኩ። ሌላ ሴት፣ አይ። ሌላ ሴት፣ አይ። ሴት በተባለ ሁሉ አይ! አንዳቸውንም አልጠየቅሁም። ወንዱን ሁሉ ስጠይቅ ሴቷን በአክብሮት አለፍኳት። አንድም ባዶ ቦታ የለውም የተባለው መዝገብ ይሄ ነው።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

እልል! እልል በል!

ሰዉ ተሰብስቧል። አዲሱ ጋን መሃል ላይ። ጋሼ እንደ ሙሽራ ታጥቦ፣ እንደ ታሳሪ አቀርቅሮ። እትዬ አስካለ ብድግ አሉና ካሳዬን ትቻለሁ አሉ። ታደለ አይጠጣም፣ እኔም አላቀርብለትም፣ አልተጣላንም። አባባ ገብሬ ክው አሉ። ይሄን የመሰለ ፍርድ እንዴት ይፈርሳል ብለው ሽማግሌዎቹን ደግመው ሊያስቀምጡ ነበር። እትዬ አስካለ፣ የተበደልኩት እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ? አሏቸው። ሴቶቹ ከኋላ ሲስቁ ነገሩ አለቀ።

ለምን እንደሆነ ግን አልተናገሩም። ደቦው በ30 ይምጣ አይምጣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሰዉ ግራ እንደተጋባ ሄደ። ጋሼ ከግቢያቸው ወጥቶ እጄን ጨበጠኝ፣ የታመመ ጣቱን ረስቶ፤ ከዚያ በሕመም ዘለለ።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

አቶ ምትኩ የስብሰባው ቀን ተቆርጧል፣ ሪፖርቱን በሳምንቱ ሰኞ አስገቢ አሉኝ። አዎ አልኩ። አዎ! ይቺ ፈሪ ምላስ! ሌላ ጊዜ ማን ያቆማታል? ዛሬ ሦስት ሴቶች መጡ፤ ሦስቱንም ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ስለ አየሩ አወራሁ። ሦስተኛዋ በጣም ዘነበ አይደል ስላት ስገባም ጠይቀሽኛል አለችኝ። መዝገቡ ላይ ባዶ ተውኳቸው። ቢያንስ አይ አልጻፍኩም።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ፣ ማታ

ሚዛን ደርሰን መጣን። ሚኒባሱ ውስጥ እትዬ አስካለ ሹፌሩን ጫት እያኘክ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። በሳምንት ስንት ቀን? ቀጥለው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን! ጥያቄዎቹን በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ሹፌሩ አራተኛው ላይ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። በሳቅ ሞትኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። መድኃኒት ጻፈላቸው፣ እንዴት እየቀነሱ እንደሚሄዱ አስረዳቸው፣ በየሳምንቱ እንዲመጡ ቀጠራቸው።  ስንመለስ፣ አረቄው ከቀረ ምን እበላለሁ አሉ።  ይሄን ቅጹ አይጠይቅም። ቡናዬ ግማሹ ዛፍ ላይ ነው አሉ ደግሞ። ለጋሼ ስነግረው ጣቴ ከዳነ እኔ እለቅምላቸዋለሁ አለ።

ቅዳሜ ይመጣ ይሆን ሰዉ? ብርቄ ለሃያ ሰው ጎደሬ እየላጠች ነው። ለማን ነው የምትልጪው አልላትም።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ፣ ማታ 12፡30

እግሬ ተልጧል፣ ጥፍሬ ጠቁሯል፣ ደስታዬ ወሰን የለውም። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት 12፡30። ማሳው ዳር እኔ፣ ጋሼ፣ ብርቄ። ጉም። ማንም የለም። 1፡00። ማንም። ጋሼ ቅርጫቱን አንስቶ ብቻውን መልቀም ጀመረ፣ በአንድ እጁ፣ ወደ መንገዱ ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ።  ብርቄም ጎኑ ቆማ ለቀመች።

1፡30 ላይ እትዬ አስካለ ብቅ አሉ! እንስራ በጀርባቸው። ምንድነው? የቡና ቅጠል፣ በዝንጅብልና በሚጥሚጣ የተፈላ፣ ትኩስ፣ አፍ የሚያቃጥል። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች። ከሴቶቹ ኋላ አራት ወንዶች፣ ያየናቸው እንዳይመስላቸው ሌላ ሌላውን እያዩ። ከዚያ ሌሎች። ሃያው አልሞላም፤ አስራ ሦስት ቆጠርኩ። በቃን! እልል አልኩ፣ ብርቄ አፌን ያዘችኝ።

እረፍት ላይ እትዬ አስካለ የቡና ቅጠሉን መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ፣ ለጋሼ ሰጡት። ጎነጨ። ሁሉም ጠጡ። ሚጥሚጣው አንዱን አስለቀሰው።

አባባ ገብሬ ግን ከኮታቸው ኪስ ጠርሙስ አወጡ። አረቄ። የደቦ ወግ እንዳይጎድል ብለው ነው፣ ክፋት የላቸውም። ለጋሼ ዘረጉለት።  ጋሼ ጠርሙሱን ያዘው። ያዘው፣ ደብተርዬ!  ያን ቀን እንዳደረገው ይቅርብኝ ብሎ ዝም ቢል ሰዉ ዳግም ይበተናል። ቢቀምስ፣ ሃያ አራቱ ቀን መና ነው።

አልቀመሰም፣ ዝምም አላለም። ተናገረ። በሰው ፊት፣ ከነሰባቱ ጥያቄ፣ ከነገጀራው፣ ከነረፋዱ አረቄ። ቢጫ ነኝ አለ፤ አባቴ በዚሁ ሞቷል፣ እኔ ልሞት አልፈልግም። ብርቄ ቅርጫቷን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ምስጢሩ ሌላ ሴት እንዳልሆነ ገና አሁን ገባት። ከዚያ እትዬ አስካለ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እሱ ቢጫ ነው፣ እኔ ቀይ ነኝ አሉ።

 

አባባ ገብሬ ሁለቱንም አዩ። ታዲያ ማን ሊቀምስልኝ ነው አሉ። ማንም። ተነጫነጩ፣ ጠርሙሱን ከጋሼ ተቀብለው ራሳቸው ከፍተው ጎነጩና፣ ከሞትኩ ቅበሩኝ አሉ። ያኔ ሳቁ ፈነዳ! አልሞቱም። እስከ 11 ሰዓት ከማንም በላይ ለቀሙ። ቡናው አለቀ ደብተርዬ፣ አለቀ! ከዳገቱ በላይ ካሉት ጥቂት ዛፎች በቀር። ሰኞ ከሰዓት ደግሞ ደቦው ወደ እትዬ አስካለ ይመለሳል፣ የቀረውን ሊጨርስ፤ ጋሼ ነው ያዘዘው።

አንድ ነገር ቀረ፤ ለመጻፍ ስፈራው የቆየሁት።

ሲመሽ፣ ሰዉ ከሄደ በኋላ፣ ብርቄ የመጨረሻውን ዛፍ አብራኝ ትለቅማለች። አታየኝም። ቅርንጫፉን እያየች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሴትም ይጠየቃል? አለችኝ። ልስቅ ነበር። ፊቷን ሳይ ሳቄ ጠፋ። እሱ ሲጠጣ ሌሊት ብቻዬን ስጠብቀው፣ ከተረፈው ጠርሙስ፣ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ብዬ፣ አለች። ጀመረች፣ አልጨረሰችም። ስሟ መዝገቡ ላይ አለ። ትንሹን ያስከተበች ቀን የሞላሁት። በእጄ።

ይጠየቃል አልኳት።

ሪፖርቱ አይሄድም። ሰኞ 2፡30 አቶ ምትኩ ቢሮ ገብቼ መዝገቡ ግማሹ ውሸት መሆኑን፣ የጻፍኩትም እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ሚዛን ሌላ ሰው ይላኩ። 3፡00 ላይ በሬን እዘጋለሁ፣ ብርቄ ትገባለች፣ እኔም ከአንደኛው ጥያቄ እጀምራለሁ።